አንድ ጭራ፣ አንድ ጉሮሮ

ቼሎ የሚጫወት ሰው አፉን ዘግቶ ነው የሚጫወተው። የፈረንጅ ክላሲካል ሙዚቃ ያስለመደን እንዲያ ነው። ቼሊስቱ ያን ትልቅ መሣሪያ በጉልበቶቹ መሀል አቅፎ፣ ዓይኑን ኖታው ላይ ተክሎ ደጋኑን ይስባል። መዝፈን የሌላ ሰው ሥራ ነው። ሁለቱን ደርቦ የሚሠራ ሰው ሲገኝ ታዲያ ነገሩ ትልቅ ወሬ ይሆናል። ደቡብ አፍሪካዊው አቤል ሴላኦቾዌ ቼሎውን እየተጫወተ፣ በዚያው አፍታ በአገሩ ቋንቋ እያዜመ፣ ከጉሮሮው ሥር ጎርናና ድምፅ እያወጣ የአውሮፓን አዳራሾች አስደመመ። እ.ኤ.አ. በ2021 ለንደን ላይ በታዋቂው የቢቢሲ ፕሮምስ ቀረበ፤ በ2022 የራሱን አልበም አወጣ። ዓለምም አጨበጨበ።

እኛም አጨብጭበናል፤ ይገባዋል። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። ደጋን እየሳበ የሚዘፍን ሰው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምኑ ነው አዲስ? በየሠርጉ፣ በየጠጅ ቤቱ፣ በየመንገዱ ስናየው ያደግነው አዝማሪ ምን ሲሠራ ነበር? አንድ ሰው፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ጉሮሮ። ማንም ተነሥቶ ጉድ አላለም። እንዲያውም ልጁ ዘፋኝ ልሁን ሲል አባት የሚቆጣበት ቃል «አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚል ነበር።

የዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ሰው ታሪክ ይከተላል። ደጋኑና ጉሮሮው እንዴት አንድ እንደነበሩ፣ ማን ሊያጠፋቸው እንደሞከረ፣ እኛም ራሳችን እያከበርን መስሎን እንዴት እያፋታናቸው እንደሆነ።

ከጉሮሮ ጋር የተሠራ መሣሪያ

በመጀመሪያ፣ ቼሎ እየተጫወቱ መዝፈን ለምን ይከብዳል? ቼሎ እንደ ጊታር አንገቱ ላይ ድምፁን የሚከፋፍል ብረት የለውም። ጣት በጥቂቱ ወዲህ ወይም ወዲያ ካለ ድምፁ ይበላሻል፤ ተጫዋቹ እያንዳንዱን ድምፅ የሚያገኘው በጆሮው ነው። ጉሮሮም እንደዚያው ነው። ስለዚህ እየዘፈነ የሚጫወት ሰው አንዱን ጆሮ ለሁለት ሥራ ይከፍላል። በዚህ ላይ ደጋን የራሱ እስትንፋስ አለው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የሰው ሳንባ ደግሞ በደጋኑ ሒሳብ አይተነፍስም። ሁለቱን ማስማማት የዓመታት ሥራ ነው።

አሁን ማሲንቆን እዩት። አራት ማዕዘን ያለው የእንጨት ሳጥን ቆዳ ለብሷል። ከፈረስ ጭራ የተሰበሰበ አንድ ክር ብቻ ተወጥሮበታል። ደጋኑም ላይ ያለው የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራ በጭራ ይታሻል። ልብ በሉ፣ ቼሎ አራት ክር አለው፤ ማሲንቆ አንድ። ቼሊስት ክሩን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ማሲንቆ መቺ ግን ክሩን ከጎኑ በጣቱ ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም። ድምፁ እንደ ሰው ድምፅ የሚንሸራተተው፣ የሚያቃስተው፣ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። የሚቃኘውም ከውጭ በመጣ መለኪያ ሳይሆን በዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ጉሮሮው ዛሬ ከወፈረ ጭራውን ትንሽ ማርገብ ነው። ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባለች አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው በማሲንቆና በቅኝት ባሕርይ ላይ ነበር። አንድ ክር ያለው መሣሪያ ለዶክትሬት የሚበቃ ነገር አለው ማለት ነው።

ዋናው ጥበብ ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። አዝማሪ ዝም ብሎ የተጻፈ ዘፈን አይዘፍንም። አድማጩ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ያጣፍጠዋል፣ አንዳንዴም በባለቤቱ ላይ ያዞረዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ከራሱ ይገጥማል፤ ኮቱን፣ ቦርጩን፣ አብራው የመጣችውን ሴት፣ የኪሱን ነገር። ሰምና ወርቁን የሚፈትለው እዚያው ላይ ነው። ታዲያ መቼ ያስባል? ደጋኑ ሲናገር! በሁለት ስንኝ መሀል ማሲንቆው ብቻውን የሚያለቅስባትን አፍታ አስታውሱ። ያቺ አፍታ ማስዋቢያ ብቻ አይደለችም። አዝማሪው የሚቀጥለውን ቤት የሚሠራባት፣ ከማዶ የተወረወረለትን ግጥም የሚሰማባት ጊዜ ናት። እጁ ይጫወታል፣ ጆሮው ይሰማል፣ ጭንቅላቱ ይገጥማል። ደጋኑን ከእጁ ብትወስዱበት የማሰቢያ ጊዜውን ወሰዳችሁበት ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የእኛ ብቻ ነው አንልም። ሰርቦች ጉስሌ የሚሉት ባለ አንድ ጭራ መሣሪያ አላቸው፤ የጀግኖቻቸውን ረጅም ታሪክ እየመቱ የሚያዜሙበት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በእኛም አገር ማሲንቆ የአንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ጭራ ዋጣ ይባላል፤ በኦሮምኛ ደግሞ ለገሠ አብዲን የመሰለ ማሲንቆ እየመታ የሚያዜም ታላቅ ድምፃዊ አፍርተናል።

ከመርከብ እስከ ሸክላ

አዝማሪ የሚለው ቃል ከግዕዙ «ዘመረ» የወጣ ነው። መዝሙርም፣ መዘምራንም ከዚያው ሥር ናቸው። መሰንቆ የሚለው ስም በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ሳይቀር አለ። እንግዲህ በስሙ ከሄድን አዝማሪና የቤተ ክርስቲያን መዘምር ወንድማማቾች ናቸው፤ በኑሮ ግን አንዱ ከመቅደሱ አጠገብ ሲቆም ሌላው ከጠጅ ቤቱ በር ቆመ። ጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ያሉ መንደሮች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት፣ ሌላው ሰው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋም አላቸው።

ጋዜጠኝነት ስንማር የኢትዮጵያ የኅትመት ታሪክ ከአፄ ምኒልክ ዘመኑ «አእምሮ» ጋዜጣ አካባቢ ይጀምርልን ነበር። ከዚያ በፊት ወሬን ማን ያዞረው ነበር? ነጋሪት አዋጁን ይናገራል፤ ሹሙ የሚፈልገውን ማለት ነው። ሹሙ የማይፈልገውን የሚናገረው አዝማሪው ነበር። ጦር ሜዳ አብሮ ይዘምታል፣ የጀገነውን ያነሣል፣ የሸሸውን ይሸነቁጣል። ጌታውን እያመሰገነ በወርቁ ሊወጋው ይችላል። እንዲህ ካየነው አዝማሪ የእኛም የሙያ አያት ነው፤ ዜናውንም አስተያየቱንም በአንድ ጭራ ላይ ያስኬድ ነበር።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ሲቀረጽ የተቀረጸውስ ማን መሰላችሁ? ማሲንቆውን እየመታ የሚያዜም ሰው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ አፄ ምኒልክ የአውቶሞቢልን ነገር እንዲማር ወደ ጀርመን የላኩት ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ እዚያው ጀርመን ሳለ ድምፁንና ማሲንቆውን በሸክላ አስቀረጸ። እኒያ ቅጂዎች መቶኛ ዓመታቸውን ሲይዙ በ«ኢትዮጲክስ» 27ኛ ቅጽ እንደገና ታትመዋል። ለኳስ ወዳጆች ይህንንም እንጨምር፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ የእኚሁ ሰው ልጅ ናቸው። ያ የሸክላ ድምፅ ዛሬም ሲሰማ አንድ ነገር ይነግረናል፤ የቀረጻ ታሪካችን ሲጀምር ዘፋኙና ተጫዋቹ ሁለት ሰው አልነበሩም።

ዘፈን ያስገደለበት መጋቢት

አዝማሪ ቀልደኛ ነው፣ አጫዋች ነው እንላለን። ጠላት ግን እንዲያ አላለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰው ደም የታወቀ ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ወር ያህል ቆይቶ የሆነውን ነው። ግራዚያኒ በመጋቢት ወር ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም በከተማዋና በዙሪያዋ ያሉ ታሪክ የሚያዜሙ ዘፋኞች፣ ጠንቋዮችና ዐዋቂ ነን ባዮች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን ገለጸ። እስከዚያ ቀን 70 ያህል መገደላቸውንም በዚያው ጽፏል።

ጠመንጃ ያልያዘ ሰው ለምን ይረሸናል? ቅኝ ገዢው መልሱን ያውቀው ነበር። እነዚህ ሰዎች ከገበያ ገበያ፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ የጣሊያን ጊዜ ሊያልቅ ነው የሚል ወሬ ይዘራሉ ብሎ ፈርቷል። ጋዜጣን ማገድ ይቻላል፤ ማተሚያ ቤቱን መዝጋት ነው። ሬዲዮንም መንጠቅ ይቻላል። ጭንቅላቱ ውስጥ የሚገጥምን፣ ባንድ ጭራ የሚያስተላልፍን ሰው ግን ከመግደል በቀር ማስቆሚያ የለውም። ከዚህ የበለጠ የሙያ ምስክር ወረቀት ከየት ይመጣል? ያሳዝናል እንጂ ጠላቱ ያከበረውን ያህል ወገኑ አላከበረውም።

ማሲንቆው ተሾመ፣ አዝማሪው ቀረ

የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ በአብዛኛው የነሐስ ታሪክ ሆኖ ነው የሚነገረው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ እነ «አርባ ልጆች»፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ለቤተ መንግሥቱ ነፉ። ከዚያ ወዲህ ክብሩ ወደ ጥሩምባው፣ ወደ ኖታው፣ ወደ ዩኒፎርሙ ሄደ። አዝማሪው ከግብሩ አዳራሽ ወደ ጠጅ ቤቱ ተገፋ።

ይህንን ለማረም የተነሡ ሰዎች አልጠፉም። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋመ፤ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱ፣ በገናው፣ ከበሮው አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። ኋላም ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መራው። የቡድኑ የማሲንቆ ሰው ጌታመሳይ አበበ ነበር። የእሱ ተማሪ ማን እንደነበር ስናነብ ፈገግ አልን፤ ቻርልስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ። ማሲንቆ መምታት ተማረ፣ በአማርኛም እያዜመ መታ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከኦርኬስትራው አባላት ጋር «ብሉ ናይል» በሚል ስም አሜሪካን ሲዞሩ በዝነኛው የኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረቡ። ፈረንጁ ማሲንቆን ከመዝፈን ለይቶ አልተማረውም፤ አስተማሪው እንዲያ አልሠራውምና።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም ነገሩ ገብቶት ነበር። አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የመራ ሰው ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1975 ከዓለም አንጋፋ የሙዚቃ መጽሔቶች በአንዱ ላይ ጽሑፍ ሲያወጣ ርዕሱ ያደረገው አዝማሪን ነው፤ ያውም «ባለቅኔ ሙዚቀኛ» ብሎ። ሁለቱን ቃል አላለያያቸውም።

ይህ ሁሉ ማሲንቆን አስከብሯል፤ አንክድም። ዛሬ ማሲንቆ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚጠና መሣሪያ ነው። እንድሪስ ሐሰንን የመሰሉ ተጫዋቾች ከጃዝና ከሌላም ሙዚቃ ጋር ሲያዋሕዱት መስማት ያኮራል። ማሲንቆ ብቻውንም ታላቅ መሣሪያ መሆኑን አሳይተውናል። ግን ኮንሰርቫቶሪ የሚባለው ሥርዓት ከአውሮፓ ሲመጣ ድምፅን ለብቻ፣ መሣሪያን ለብቻ ክፍል አድርጎ ነው የመጣው። ባለመሣሪያ ይጫወታል፣ ድምፃዊ ይዘፍናል፣ ግጥም ደግሞ የገጣሚ ነው። የአዝማሪ ሥራ ለሦስት ሰው ተከፋፈለ። ክብሩን የወሰደው ደጋኑ ነው። ግጥም የሚቀበለው ጉሮሮ ግን ከነስድቡ እዚያው ጠጅ ቤት ቀረ።

ከካዛንቺስ ወደ ቦሌ

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት በሰዓት እላፊ ትተኛ ነበር። ሌሊት የሌለው ከተማ ደግሞ አዝማሪ ቤት ሊኖረው አይችልም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሌሊቱ ሲመለስ አዝማሪ ቤቶች በካዛንቺስና በዳትሰን ሰፈር ፈሉ። የዚያን ጊዜ የከተማ አዝማሪዎች ድምፅ በ«ኢትዮጲክስ» 2ኛ ቅጽ ተቀርጾ ይገኛል። ካዛንቺስ ውስጥ የነበረውን ፈንድቃን ደግሞ እዚያው ሲጨፍር ያደገው መላኩ በላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ተረክቦ የባህል ማዕከል አደረገው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰፈር በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፈንድቃም ከኖረበት ግቢ ለቀቀ። ጠባብ ቤት፣ ዝቅተኛ በርጩማ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቆዳ፣ እና ከአድማጩ ጉልበት ጋር የሚነካካ አዝማሪ... ያ ቅርበት የሚፈልገው እንደዚያ ያለ ቤት ነበር።

ከካዛንቺስ ወደ ምሥራቅ ስንሻገር ሃያ ሁለት፣ አትላስ፣ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሲ ኤም ሲ ነው፤ የእኛ ሰፈሮች። ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያው ልጅ ናት። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አውሮፕላኖች ከልደታ ወደዚህ ከተዛወሩ ወዲህ እንግዳ የሚያርፈው እዚህ ነው። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ባህል ይቀርብለታል። እነ ዮድ አቢሲኒያ፣ እነ 2000 ሐበሻ ማታ ማታ የሚያቀርቡት ትርኢት ብዙ ሙዚቀኛና ተወዛዋዥ አስተዳድሯል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአዝማሪ ልጅ ደመወዝ የሚባል ነገር ያየው በዚህ ነው።

ግን አስተውሉ። በእንዲህ ዓይነቱ መድረክ ማሲንቆው ከኋላ ተሰልፎ፣ ማይክ ተሰክቶለት፣ ከክራሩና ከከበሮው ጋር ያጅባል። ዘፋኙ ሌላ ሰው ነው፤ ማይክሮፎን ይዞ ከፊት ይቆማል። ትርኢቱ ከጎንደር ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወላይታ ይሮጣል። ዘፈኑ ተጠንቶ የመጣ ነው። ምክንያቱም ከጠረጴዛው ዙሪያ ግማሹ ሰው አማርኛ አይሰማም። ሰምና ወርቅ ለማይሰማው ሰው ትከሻ ይሻላል፤ ትከሻ በካሜራ ይቀረጻል፣ ወርቅ አይቀረጽም። ክፉ ሰው ያመጣው ነገር አይደለም፤ አድማጩ ሲቀየር የሆነ ነው። አዝማሪ የሚኖረው የሚመልስለት ሰው እስካለ ድረስ ነው። «ተቀበል!» የሚል ከሌለ የሚቀበል አይኖርም።

በሠርግ አዳራሾቻችንም ኦርጋኑ የማሲንቆን ድምፅ በአንድ ቁልፍ ያወጣዋል። ድምፁ አለ፣ ሰውየው የለም። ኦርጋኑ የሙሽራውን አጎት አይቶ አይገጥምም።

ከመካከላችን ሴቶቹ የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው። በአዝማሪ ቤት ልማድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ማሲንቆውን ይይዛል፣ ሴቷ ታዜማለች። አፏ ከወንዱ የማይተናነስ፣ እንዲያውም የሚበልጥ ሆኖ ደጋኑ እጇ አይገባም። እንግዲህ ድምፅና ደጋን ተለያዩ ብለን ስናዝን፣ ለሴቷ መጀመሪያውኑ አንድ እንዳልነበሩ መርሳት የለብንም። የሚመለስ ነገር ካለ ለእሷም ጭምር ይመለስ።

ታዲያ ምን ይሁን?

ማሲንቆን ቤተ መዘክር አስገቡት አንልም፤ መስታወት ውስጥ የገባ ማሲንቆ ግጥም አይቀበልም። የምንለው ጥቂት ነው። ማሲንቆ የሚያስተምር ሁሉ ተማሪውን ሲፈትን «ተቀበል» ብሎም ይፈትነው፤ ጣቱን ብቻ አይመልከት። ዛሬም በሕይወት ያሉ አንጋፋዎች እየመቱ ሲያዜሙ ይቀረጹ፤ ግጥሙን ለብቻ፣ ዜማውን ለብቻ አድርገን አንሰብስብ። የባህል ምሽት የሚያዘጋጁ ወገኖቻችን ከትርኢቱ መሀል ሃያ ደቂቃ ቆርጠው አዝማሪውን ከነማሲንቆው ወደ ጠረጴዛው ያውርዱት። እኛም አድማጮቹ የቤት ሥራ አለብን። ግጥም መወርወር ረስተናል፤ ብር ግንባር ላይ መለጠፍ ብቻ ነው የቀረን።

ሴላኦቾዌ ቼሎውን ታቅፎ ሲዘፍን አውሮፓ የተደነቀው ለዘመናት የተለያዩ ሁለት ነገሮች ሲገናኙ በማየቱ ነው። እኛ የያዝነው ጭራሽ ያልተለያየውን ነበር። እነሱ የሚያገናኙ ባለሙያዎችን በጭብጨባ ሲቀበሉ እኛ የምናለያይ ከሆነ፣ አንድ ቀን ልጆቻችን ማሲንቆ እየመታ የሚዘፍን ሰው በቴሌቪዥን አይተው «ይገርማል፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር ፈጠራ ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

ያን ቀን አያምጣብን። ቸር እንሰንብት!